ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል? አነስተኛ ትራክተር ለመግዛት ያሰቡ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሦስት ሄክታር የሚሆን መሬት አለኝ። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ይበቃኛል ወይስ ጨክኜ ባለ 45 ልግዛ?

መልስ፦ ባለ 25ቱ ይበቃዎታል፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ አይውሰዱት። ሻጭ የሚጠራልዎት የሞተሩን ጉልበት ነው። ከኋላ የሚታሰረውን መሣሪያ ወደሚያሽከረክረው ዘንግ፣ ፒቲኦ ወደምንለው፣ የሚደርሰው ከዚያ 85 በመቶ ገደማ ነው፤ 25 የተባለው 21 ሆኖ ያርፋል። ሮታቬተር፣ በሚሽከረከሩ ቢላዎቹ አፈሩን የሚፈጨው መሣሪያ፣ ደግሞ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ 5 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበላል። ስለዚህ 1.20 ሜትር ስፋት ያለውን ይችላል፤ ባለ 1.50ውን ግን፣ በተለይ መሬቱ ዋልካ ከሆነ፣ እያቃሰተ ነው የሚሠራው። ባለ 1.20ው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መታጠፊያውና መደራረቡ ተቀንሶ፣ አንድ ሄክታር በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ሦስቱ ሄክታር የሁለት ቀን ሥራ ነው ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የኋላ ጎማዎቹን ከአንዱ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ይለኩ። ሮታቬተሩ ከዚያ ከጠበበ ጎማው የረገጠው መሬት ሳይታረስ ይቀራል።

ዋናው ሥራዎ በማረሻ መገልበጥ ከሆነ ደግሞ ከጉልበቱ በፊት ክብደቱን ይጠይቁ። ጉልበት ኖሮት ክብደት የሌለው ትራክተር ጎማውን እያሽከረከረ ናፍጣ ይጨርሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉና ማረሻው ተነሥቶ 10 ዙር ሲዞር የሄደበትን ርቀት ይለኩ። ከዚያ እያረሰ 10 ዙር ይሂድ። 30 ሜትር የነበረው 26 ከሆነ የሚንሸራተተው 13 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ከ15 በመቶ ካለፈ ጎማው ላይ ብረት ይጨምሩ፤ ወይም ቬንቲሉን (የአየር መሙያውን) ወደ ላይ አድርገው ጎማውን እስከ ሦስት አራተኛው ውሃ ይሙሉት። የቀረው አየር መሆን አለበት፤ አለዚያ ጎማው ድንጋይ ሲመታ የሚተጣጠፍበት ቦታ ያጣል። ከኋላ ከባድ መሣሪያ ሲነሣ የፊት ጎማው ከቀለለና መሪው አልታዘዝ ካለ ደግሞ ክብደቱ የሚጨመረው ከፊት ነው።

ጥያቄ፦ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው በዋጋ ይረክሳል። ይሻለኛል?

መልስ፦ መሬትዎ ሜዳና ደረቅ ከሆነ፣ ሥራውም ተሳቢ መጎተትና ማጨድ ከሆነ ይበቃል፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስራቸው የዲፈረንሻል መቆለፊያ መሥራቱን ብቻ ያረጋግጡ። ጭቃ፣ ዳገት ወይም ከፊት አፈር የሚያነሣ አካፋ ካለ ግን በአራቱም የሚነዳውን ይግዙ። ብዙዎች የማያስተውሉት ቁልቁለቱን ነው፦ የአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ የፊት ጎማዎቹን የሚነዳውን ማርሽ ካስገቡት ሞተሩ የፊት ጎማዎችንም ይዞ ያወርድዎታል። አስፋልት ላይ ግን አያስገቡት። የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ትንሽ ፈጠን ብለው እንዲዞሩ የተሠሩ ስለሆነ ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ማርሹን ያጣምማሉ። ጎማ ሲቀይሩም ልኩ ከፋብሪካው አይለይ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ትራክተር ልገዛ ነው። ሰዓት ቆጣሪው 900 ይላል። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ቆጣሪው ይበጠሳል፣ ይቀየራል፤ ስለዚህ መጨረሻ ይዩት። የክላችና የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ካንጸባረቀ፣ የመጎተቻው ቀዳዳም ክብነቱን አጥቶ እንቁላል ከመሰለ፣ 900 ሰዓት የሚባለውን አይመኑ።

ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቅዎት። በእጅዎ ሲነኩት የሞቀ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታልና ሌላ ቀን ይመለሱ። ገና ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ከታየ ወይም ከተነሣ በኋላ አረፋ ከተንፈቀፈቀ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ወይም ከዚያ የባሰ፣ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ሲነሣ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ሰማያዊው ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የኢንጄክተር ችግር ስለሆነ ተስፋ አያስቆርጥም። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርገው ይዩት፤ በኃይል እየተነፈሰ ክዳኑን የሚያዘልል ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ሙሉ ጥገና ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሃይድሮሊኩ። ከባድ መሣሪያ አስነሥተው ሞተሩን ያጥፉና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢወርድ ይቻላል፤ ዓይንዎ እያየ ከወረደ ግን ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። የካምቢዮው ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ያው ዘይት ሃይድሮሊኩንም ስለሚያሠራ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የፊቱን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ቢነቀንቁት የኩሽኔታውን መላላት ይነግርዎታል።

ይህን ሁሉ ቢያልፍም ገንዘቡን አይቁጠሩ። የሞዴሉንና የሻንሲውን ቁጥር ይዘው ወደ መለዋወጫ ሻጭ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የክላች ዲስክ፣ የውሃ ፓምፕና የናፍጣ ፊልትሮ። ሦስቱም ከሌሉ፣ ትራክተሩ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በእርሻ ወቅት ቆሞ ሲያዩት ይውላሉ። በእኛ እይታ የክላች ዲስክ የሚገኝለት የደከመ ሞተር ያለው ትራክተር፣ ዲስክ ከማይገኝለት አዲስ መሳይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ መሬት አንድ ሄክታር ነው። በእግር እየተከተሉ የሚነዱት ባለሁለት ጎማ ትራክተር አያዋጣም?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ከ8 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። እግርዎን ግን ያስሉበት፦ የሚያርሰው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሄክታር ሲጨርሱ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ተራምደዋል። በቁልቁለት ደግሞ ተጠንቀቁ። ሜዳ ላይ የግራውን የመታጠፊያ ክላች ሲጨብጡ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቁልቁል ሲወርድ ግን የተፈታው የግራ ጎማ በነፃ እየሮጠ ቀኙ በሞተሩ ስለሚያዝ፣ ወደ ቀኝ ይዞዎት ይሄዳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ክላቹን ሳይነኩ በዝቅተኛ ማርሽ እጀታውን እየገፉ ያዙሩት።

ጥያቄ፦ ከመቀመጫው ኋላ ያለው የብረት ቅስት ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር እየተጋጨ አስቸገረኝ። ባወጣውስ?

መልስ፦ አያውጡት። ትራክተር ሲገለበጥ ከሥሩ የሚያስተርፍዎ እሱና የመቀመጫው ቀበቶ ናቸው፤ ቀበቶውም የሚታሰረው ቅስቱ ቆሞ ሳለ ነው። የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ከዛፉ ሥር ሲገቡ ቀበቶውን ፈትተው ያጥፉት፣ ሲወጡ መልሰው ያቁሙት። ግንድ ወይም ጉቶ ሲጎትቱ ደግሞ ሰንሰለቱን ከታች ካለው መጎተቻ ጋር ብቻ ያያይዙት። ከኋላው አክስል በላይ ከታሰረ ግንዱ እንቢ ሲል የትራክተሩ አፍንጫ ይነሣል፤ ክላች ለመርገጥ የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳይሰጥ ወደ ኋላ ይገለበጣል።