በንግሥተ ሳባ ስም የተነጠቀ ግንብ

የተከበራችሁ የታሪክ መምህራን፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ጥንታዊት ዚምባብዌ እንድናገር ስጋበዝ፣ ርእሱ ከእኛ የራቀ የሚመስላችሁ እንደምትኖሩ ገምቻለሁ። ይሁንና የዚያች አገር ሕዝብ ታሪኩን ሲነጠቅ ለነጠቃው መሣሪያ የተደረገችው እኛ የእኛ ናት የምንላት ንግሥተ ሳባ ናት። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ አሳሽ በ1871 ታላቋ ዚምባብዌ ከምትባለው ጥንታዊት ከተማ ፍርስራሽ ደረሰ። ከፊቱ የቆመው ቅጥር ዙሪያው 250 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 11 ሜትር የሚደርስ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ የተካበ ነው። ማውክ ከበሩ ጉበን ላይ ስንጣሪ ፈልጦ አሸተተ፤ ቀለሙንና ሽታውን ከኪሱ እርሳስ ጋር አስተያይቶ ዝግባ ነው ሲል ወሰነ። ዝግባ ከሆነ ከሊባኖስ መጥቷል፤ ከሊባኖስ ከመጣ ያመጡት የዚያ አገር የጥንት ባሕረኞች፣ ፊንቄያውያን፣ ናቸው፤ እነርሱ ካመጡት ደግሞ ግንቡን ያሠራችው ሰሎሞንን የጎበኘችው ንግሥት ናት! እንጨቱ ግን የዚያው አገር ዛፍ ነበር። ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ድረስ ግንቡን የካቡት የሾና ሕዝብ አባቶች በአንድ ስንጣሪ ምክንያት ከገዛ ቤታቸው ተባረሩ።

በ1890 የእንግሊዛዊው ቅኝ ገዥ የሴሲል ሮድስ ኩባንያ አገሪቱን ሲይዝ፣ ይህ ተረት ለመሬት ነጠቃው ጥሩ ማስረጃ ሆነለት፤ አፍሪካዊ ያልሠራውን ከአፍሪካዊ መውሰድ ነውር አይሆንምና። በማግስቱ ዓመት በኩባንያው ድጋፍ የቆፈረው ቴዎዶር ቤንት ግንበኞቹ ከዐረቢያ የመጡ ናቸው አለ። ይኸው ሰው በ1893 አክሱም ድረስ መጥቶ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከእርሱ በኋላ ሪቻርድ ሆል ከ1902 ጀምሮ አፍሪካውያን የኖሩበትን የአፈር ንብርብር እንደ ጥራጊ አስወጥቶ ጣለው። ምስክሩን ገድሎ ምስክር የለም ማለት ይሏችኋል ይህ ነው!

ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰንም በ1929 ቆፍረው ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን አረጋገጡ። የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ የቅኝ ግዛት ዘመን ስም ነው) የነጮች መንግሥት ግን እውነቱን አልወደደም፤ ይህንኑ የጻፈው የቅርስ ተመራማሪ ፒተር ጋርሌክ በ1970 አገር ለቆ ለመሄድ ተገደደ።

እኛስ? ንግሥታችን እስከ ዚምባብዌ ትገዛ ነበር ሲባል በየመድረኩ ጭብጨባ ሰምቻለሁ። ለማን ነው የምናጨበጭበው? ቅኝ ገዥ ከሾና ነጥቆ የሰጠንን ጌጥ አድርገን ወንድሞቻችን ፊት ልንኩራራ ነው? የራሳችን የአክሱም ሐውልቶች አሉን፤ የሰው አያሻንም።

ስለ ግንበኞቹ ንግድም በአጭሩ ላንሣ፤ ወርቃቸው በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች፣ በሶፋላና በኪልዋ፣ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣ ነበር፤ በፍርስራሹ ውስጥም የቻይና ሸክላና የኪልዋ ሳንቲም ተገኝቷል። በ15ኛው መቶ ዘመን ከተማይቱ ስትዳከም የሙታፓ መንግሥትና የካሚ ከተማ ተተኩ። ከለስላሳ ድንጋይ ከተቀረጹት ወፎቿ የአንዱ ምስል ዛሬ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አለ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመጪው መንፈቅ የደቡብ አፍሪካን ክፍለ አህጉር ስታስተምሩ ከ1890 አትጀምሩ፤ ከቅጥሩ ጀምሩ፤ የገነቡትንም በስማቸው፣ ሾና ብላችሁ፣ ጥሩልኝ።

አመሰግናለሁ።