ስድስት ዓመት ቴኳንዶ፣ አንድ «ሰዓት ስንት ነው?»

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ በሐፍረት ነው የምጀምረው።

ስድስት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። ስድስት ዓመት! በሳምንት ሦስት ቀን፣ ክረምት ከበጋ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ «ወንድም፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። «አንድ ሰዓት ከ...» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ የለም። ልጁ የለም። ከጎኔ ቆሞ የነበረው ሌላ ልጅም የለም። እኔ ግን አለሁ። እጄ ስልክ እንደያዘ ሰው ተዘርግቶ፣ አለሁ።

ስድስት ዓመት ሥልጠና፣ በአንድ ጥያቄ ተሸነፈ።

እና የዛሬው ጉዳይ ይሄ ነው። ጂም ውስጥ የምንማረው ነገር ጎዳና ላይ ይሠራል ወይ? ቦክሱ፣ ቴኳንዶው፣ ጁዶው። መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ዝጉት። ይሠራል። ግን ይሠራል ብላችሁ በምታስቡበት ቦታ አይደለም። ዝጉት ያልኩት የምሬን አይደለም፣ ቁጭ በሉ። ሰብስክራይብ ያላደረገም ያድርግ። አንድ ጣት ነው የሚፈልገው፣ ፑሽ አፕ አላልኳችሁም።

እሺ። ይሄን ለማስረዳት ዶሮ ወጥ እንሥራ። አዎ፣ ዶሮ ወጥ። ታገሡኝ።

አንዲት ልጅ አለች እንበል። ዶሮ ወጥ የለመደችው እናቷ ቤት ነው። ቢላው የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ድስቱ የቱ ጋ እንደሚያሳርር ታውቃለች። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከሽታው ብቻ «አሁን በርበሬ» ትላለች። አሥራ ሁለቱን ብልት ወሬ እያወራች ታወጣለች። ጎበዝ ናት። ከዚያ አገባች። የመጀመሪያው በዓል አማት ቤት ሆነ።

አሁን እዩልኝ። ቢላው ዶልዱሟል። ድስቱ ሌላ ነው። የባሏ አክስት በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ምንም ሳይናገሩ ያያሉ። ምንም ሳይናገሩ! ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ሽንኩርቱ ገና ጥሬ እያለ መብራት ድርግም።

አሁን ሌላ ልጅ ጨምሩ። ይቺኛዋ ዶሮ ወጥ ሠርታ አታውቅም፣ ግን ቪዲዮ አይታለች። ሁለት መቶ ቪዲዮ። ጠይቋት፣ ትተነትንላችኋለች። የምትለው ሁሉ ልክ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ከሁለቱ የትኛዋ ናት የምትወጣው?

የመጀመሪያዋ ናታ! ትደነግጣለች፣ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ግን ከሰል አቀጣጥላ ትቀጥላለች። እንደ እናቷ ቤት አይጥምም። ግን ወጥ ይሆናል። እጇ ያውቃላ።

እጇ ያውቃል። ይቺን ያዙልኝ።

ደግሞ ሦስተኛ አለች። እሷ የእኔ ጀግና ናት። ዙሪያዋን ታያለች። ቢላው ዶልዱም፣ መብራት የለም፣ እንግዳው መንገድ ላይ ነው። «እማዬ፣ ዶሮውን ለነገ እናድርገውና ዛሬ ሽሮ ልሥራ» ትላለች። በበዓል ሽሮ! ያሳፍራል። አክስትየው እስከ ዛሬ ያወሩታል። ግን ማንም አልተራበም፣ ማንም አልተቃጠለም።

ገባችሁ አይደል? እናቷ ቤት የለመደችው ልጅ ቦክሰኛ ናት፣ ጁዶ ሠሪ ናት። በየቀኑ ከሚታገላት ሰው ጋር ትሠራለች። ባለ ቪዲዮዋ ደግሞ «ቢላ ሲወጋህ እጁን እንዲህ ጠምዝዘው» እየተባለች፣ ከማይታገላት ጓደኛዋ ጋር የምትለማመደዋ ናት። ሽሮ ማለት መሸሽ ነው። ከአሁን በኋላ «ሽሮ» ስል መሸሽ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስለጻፋችሁልኝ መጀመሪያ እሱን ልጨርስ። እንዲህ ይላል፦ «ቦክስና ጁዶ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። ጎዳና ላይ ሕግ የለም። እኔ ዓይኑን እጠነቁለዋለሁ፣ ብልቱን እመታዋለሁ፣ ያልቃል።» የዶሮዋን ብልት አይደለም፣ ተረጋጉ።

ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ተሞክሯል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ልብ በሉ። 1995፣ ቶኪዮ፣ ቡዶካን አዳራሽ። ዩኪ ናካይ የሚባል ሰባ ኪሎ ገደማ የሆነ ጃፓናዊ፣ ጄራርድ ጎርዶ ከሚባል ሆላንዳዊ ጋር ገጠመ። ጎርዶ ሰውየውን በቁመትም በኪሎም ይበልጠዋል፣ በጣም ይበልጠዋል። ትግሉ መሀል ጎርዶ ጣቱን ናካይ ዓይን ውስጥ ከተተ። የተከለከለ ነው፣ ግን አደረገው። እናንተ የምትሉትን አደረገው ማለት ነው። ናካይ ቀኝ ዓይኑ እስከ ዛሬ አያይም።

እና ማን አሸነፈ?

ናካይ! በአንድ ዓይኑ ታግሎ፣ አራተኛው ዙር ላይ የጎርዶን ተረከዝ ጠምዝዞ እጅ አሰጠው። ከዚያ የዚያኑ ዕለት ማታ ሌላ ሁለት ግጥሚያ ገጠመ። የዚያኑ ዕለት ማታ!

ያው ጎርዶ ከዚያ በፊት፣ 1993 ላይ፣ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ (ቦክሰኛውም፣ ታጋዩም፣ ሁሉም እርስ በርስ የሚገጥምበት ውድድር) ፍጻሜ ላይ ሮይስ ግሬሲ የሚባለውን ብራዚላዊ ጆሮው ላይ ነክሶታል። መንከስና ዓይን መጠንቆል ክልክል ነበር፣ ነከሰው። ግሬሲ ከኋላው ሆኖ አንቆ አሸነፈው። ታነቀ እንግዲህ። ጆሮ ነክሶ ማነቆን ያስለቀቀ ሰው እኔ አላየሁም።

ዓይን መጠንቆል አይሠራም እያልኩ አይደለም። የሰውየው ዓይን ጠፍቷል እኮ! የምለው ሌላ ነው። ዓይኑ ጋ ለመድረስ ራሱ ርቀት መለካት፣ ሲያዙ አለመደንገጥ፣ እየተመቱ ማሰብ ያስፈልጋል። እሱን የምታገኙት ደግሞ ስፓሪንግ ላይ ነው፣ ከሚታገላችሁ ሰው ጋር የምታደርጉት የልምምድ ግጥሚያ ላይ። ዓይን መጠንቆልን በየቀኑ በሙሉ ኃይል ልለማመድ ብትሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብሯችሁ የሚለማመድ ዓይን ያለው ሰው አታገኙም።

ይቺን ነገር ጂጎሮ ካኖ በ1882 ገብታዋለች። ጁዶን የመሠረተው ሰውዬ። የድሮው የጃፓን ትግል፣ ጁጂትሱ ውስጥ የነበሩትን አደገኛ ነገሮች ከነፃ ትግሉ አወጣቸው። ጁዶን ያለዘበው ይመስላል። ግን አደገኛው ሲወጣ፣ የቀረውን በሙሉ ኃይል፣ በየቀኑ፣ ከሚታገል ሰው ጋር መሥራት ተቻለ። ሕጉ ነው ያጠነከረው። ይሄ ለእኔ ከስፖርት ታሪክ ሁሉ ብልጡ ሐሳብ ነው፣ በዚህ የሚከራከረኝ ካለ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

«ክራቭ ማጋስ?» የምትሉ አላችሁ፣ የእስራኤሎቹ ራስን የመከላከል ሥልጠና፣ በተለይ እስራኤል ያላችሁ። የፈጠረው ኢሚ ሊክተንፌልድ ራሱ ብራቲስላቫ ላይ ቦክሰኛና ታጋይ ነበር። ዋናው ነገር ይሄው ነው። የእናንተ ክራቭ ማጋ ቤት ስፓሪንግ አለ? ካለ ጥሩ። ከሌለ ባለ ሁለት መቶ ቪዲዮዋ ልጅ ናችሁ።

እሺ፣ ቴክኒክ። ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። እጅ ከፍ፣ ግን መዳፍ ክፍት፣ «ኧረ ተው ወንድሜ» እንደሚል ሰው። ርቀት፣ ሁለት ክንድ። ከያዛችሁ ክሊንች፣ ማለትም ተጠግቶ አጥብቆ ማቀፍ፣ ጭንቅላት ከደረቱ ጋር፣ ጠረባ ከቻላችሁ ጠረባ። ከወደቃችሁ መነሣት፣ እዚያ ታች ለነጥብ አትታገሉ፣ ጓደኛው አለ። ከፍ ያለ እርግጫ የለም። በጠባብ ጂንስ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ጂንሱ ነው የተጎዳው። ቴስታ የምትወዱ፣ የራሳችሁም ጭንቅላት ነው። በቃ። ሌላው ባለፈው ሳምንት ቪዲዮ ላይ አለ።

አሁን ጎዳናው ጂሙን የሚበልጥበት ቦታ።

አንደኛ፣ «ማጅራት መቺ» የሚለውን ቃል ስሙት እስኪ። ማጅራት። መቺ። ፊት ለፊት መቺ አላልነውም። ቋንቋችን ከማንኛውም አሠልጣኝ ቀድሞ ነግሮናል፤ ከኋላ ነው የሚመጣው። ሪንግ ላይ ደወል አለ። ቴኳንዶ ላይ እጅ ትነሣላችሁ። ማጅራት መቺ እጅ አይነሣችሁም። ወይ ከኋላ ነው፣ ወይ «ሰዓት ስንት ነው» ነው።

ሁለተኛ፣ ቡጢ። ማይክ ታይሰን 1986 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ሚች ግሪንን ገጠመ። ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ አሥር ዙር ሙሉ ደበደበው፣ በነጥብ አሸነፈ። እጁ ደህና። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1988፣ ያው ታይሰንና ያው ግሪን ሃርለም ውስጥ ልብስ ቤት ደጃፍ ላይ በሌሊት ተጣሉ። የግሪን ዓይን አብጦ ተዘጋ። የታይሰን ቀኝ እጅ አጥንት ተሰነጠቀ። የዓለም ሻምፒዮን እኮ ነው! ሰውየው ያው ነው፣ ጭንቅላቱ ያው ነው። የጎደለው ፋሻና ጓንቱ ነው። በየጂሙ እጃችንን እንደ ሕፃን እየጠቀለልን ስንመታ ከርመን፣ አንድ ቀን በባዶው እንመታለን። ታይሰን ሐኪም ነበረው። እኔና እናንተ በማግስቱ በተሰበረ እጅ ሥራ እንገባለን።

ሦስተኛ፣ አስፋልት። የጁዶ ምንጣፍ አይደለም። በአንድ ቡጢ ተመትቶ፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱ መሬት ላይ አርፎ የሚሞት ሰው አለ። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በዚህ ምክንያት 2014 ላይ ሕግ ወጣ፤ ሰክሮ በአንድ ቡጢ ሰው የገደለ ቢያንስ 8 ዓመት ይታሰራል። ማሸነፍም አደጋ አለው ማለት ነው። የእኛም የ1996 የወንጀል ሕግ (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ሌላ ማምለጫ ከሌለ፣ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ሰውየው ወድቆ የምትጨምሯት እርግጫ የምትገባው እዚያ ነው።

አራተኛ፣ ገላጋይ! ይሄን የትኛውም የፈረንጅ አሠልጣኝ አያስተምርም። ጠብ ሲነሣ መንደሩ ይወጣል። ሪንግ ላይ ዳኛው ሁለታችሁንም ያላቅቃል። ገላጋይ ግን የሚያቅፈው ቅርቡ ያለውን ነው። ከኋላ፣ ሁለት እጃችሁን አጥብቆ፣ በፍቅር። ያኛው ደግሞ አልተያዘም። በሕይወቴ ያየሁት ጥሩው ቡጢ ያረፈው በገላጋይ የተያዘ ሰው ላይ ነው። ከዚያ የተመታው «ልቀቁኝ!» ይላል። አሁን ምን ዋጋ አለው?

አምስተኛ፣ ቢላ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ 1983 ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ስድስት ሜትር ከምናምን ርቀት ላይ የቆመ ቢላ የያዘ ሰው፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ እናንተ ጋ ይደርሳል። የጻፈው ሽጉጥ ለታጠቀ ፖሊስ ነው። ሽጉጥ ያለው ሰው እንኳ አውጥቶ ለመተኮስ የሚቸኩልበት ርቀት ነው። እኛ ያለን ቢጫ ቀበቶ ነው። ሽሮ። ስልኩን ስጡ፣ ሽሮ።

የቴኳንዶ ልጆች እንዳትቀየሙኝ። ስፖርታችሁን እወደዋለሁ፣ ቶኪዮ 2020 ላይ ሰው የላክንበት ስፖርት ነው። ያ ልጅ ስልኬን ነጥቆ ሲሮጥ ተከትዬው ነበር። መቶ ሜትር ያህል፣ ሳልደክም። ያ የሥልጠናው ነው። ጥጉ ላይ ሁለቱም ዘወር ብለው ቆመው አዩኝ። እኔም ቆምኩ። ያም የሥልጠናው ነው፣ ሁለት ሰው ሲገጥመኝ ምን እንደምሆን ስፓሪንግ ላይ አይቼዋለሁ። ሰላምታ ሳልሰጣቸው ተመለስኩ። የዕለቱ ሽሮዬ።

አሁን መንገድ ላይ ሰዓት ስጠየቅ ስልክ አላወጣም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ከጎኑ ማን እንደቆመ አያለሁ፣ ፈገግ እልና «ወደ አሥራ ሁለት ነው» እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ጠየቁኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።