ሳነቴ ላይ በረዶ ነበር

እንደምን አደራችሁ፣ የባሌ አስጎብኚዎች! ብርዱን ችላችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እንግዳ ይዛችሁ የባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው ሳነቴ አምባ ስትወጡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። አይፈረድባቸውም፣ ባህር ተሻግረው የመጡት እሱን ብለው ነው። ቀበሮው ግን አንዳንድ ቀን ዝር አይልም። ድንጋዩ የትም አይሄድም። ዛሬ ስለ ድንጋዩ ላውራ።

ከዛሬ 42,000 እስከ 28,000 ዓመት ገደማ በፊት ሳነቴ የበረዶ ግግር ነበረው። አምባው በረዶ ለብሶ፣ እንደ ቶጎና ባሉት የሰሜን ሸለቆዎች በኩል ግግሩ ቁልቁል ይወርድ ነበር።

አዎ፣ ይወርድ ነበር። ግግር ዝም ብሎ የተኛ ነገር አይደለም፣ ይሄዳል። በየዓመቱ የሚጥለው በረዶ ሳይቀልጥ ሲደራረብ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨምቆ ጠጣር ይሆናል። ውፍረቱ ብዙ አስር ሜትር ሲደርስ የራሱ ክብደት ያሸንፈዋል። ያኔ ውስጡ ሳይሰበር ቀስ እያለ ወደ ታች ይለጠጣል። ላዩ ግን ጫና ስለሌለበት ይሰነጠቃል፤ ተራራ ወጪዎች የሚገቡበት ገደል ይሄ ነው። ከስሩ የቀለጠ ውኃ ካለ ደግሞ ግግሩ እንዳለ አለቱ ላይ ይንሸራተታል። ግሪንላንድ ውስጥ ያኮብስሃቭን የሚባለው ግግር በ2012 እ.ኤ.አ. በጋ በቀን ከ40 ሜትር በላይ ሄዷል። ብዙዎቹ ግን ያንን ለመሄድ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ንጹህ በረዶ ብቻውን ጠንካራ አለትን ብዙም አይጎዳም። ሥራውን የሚሠራው የተሸከመው ድንጋይ ነው። ውኃ በአለቱ ስንጥቅ ይገባል፣ በረዶ ሆኖ ይረጋል፣ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ግግሩ ያንን ይዞ ይሄዳል። ከስሩ የተጣበቀው ድንጋይ ታች ያለውን አለት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አለቱ ላይ ጭረት ይቀራል፣ ጭረቱም ግግሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር ይናገራል።

ወንዝ በዋናነት የሚቆፍረው ግርጌውን ስለሆነ ሸለቆው ጠባብ ይሆናል። ግግር ግን ሸለቆውን ሞልቶ ስለሚሄድ ጎኑንም ይበላል። ወለሉ ሰፍቶ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ግግሩ ሲቀልጥ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ክምሩ ሞሬይን ይባላል፣ ቶጎና ውስጥም አለ። ተመራማሪዎች የበረዶውን ዘመን ያወቁት ከእንዲህ ዓይነቱ ክምር ነው። ድንጋይ ከበረዶ ወጥቶ ለሰማይ ከተጋለጠ ጀምሮ ከህዋ የሚመጣው ጨረር በውስጡ ክሎሪን-36 የሚባል የክሎሪን ዓይነት ያጠራቅማል። እሱን ለክተው ዕድሜውን ያሰላሉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው፤ ድንጋይ የራሱን ሰዓት ይዞ ይቀመጣል!

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በሳነቴ ደቡብ በኩል ያሉትን ረዣዥም የድንጋይ መስመሮች የግግር ጭረት ናቸው እንዳትሉ። አንዳንዶቹ 1,000 ሜትር ይረዝማሉ፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ። እነሱን የሠራው የመሬቱ በተደጋጋሚ መርጋትና መቅለጥ ነው። አፈሩ ሲረጋ ያብጣል፣ ድንጋዩን ወደ ጎን ይገፋል።

እንግዳ «በረዶው ዛሬ የት አለ?» ካላችሁ፣ እኛ ጋ የለም በሉት። አፍሪካ ውስጥ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ነው፣ እሱም በፍጥነት እያለቀ ነው።

በሉ፣ ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከዚያ ቡና እንጠጣለን።