የደንበኛው ራውተር ሲጠለፍ ማን ይጠየቃል?

የተከበራችሁ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከጀርመን ልጀምር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ማብቂያ ላይ 900,000 ገደማ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ኢንተርኔት፣ ስልክና ቴሌቪዥን ተቋረጠባቸው። ሚራይ የሚባለው ማልዌር (መሣሪያ የሚጠልፍ ጎጂ ሶፍትዌር) አዲስ ዝርያ፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ራውተርን ከርቀት የሚያስተካክሉበትን ፖርት 7547 የሚባል የኔትወርክ መግቢያ በር እየደበደበ ራውተሮችን ሊይዝ ሞከረ። የቴሌኮሙ ራውተሮች አልተያዙም። ድብደባው ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነና ሥራ አቆሙ። ደንበኛው ምን አጠፋ? ምንም። ድርጅቱም «ዕቃው ቤታችሁ ነው ያለው፣ ራሳችሁ ተወጡት» አላለም። ጥቃቱን ኔትወርኩ ላይ አገደ፣ ማስተካከያ ሶፍትዌር ለቀቀ፣ ደንበኞቹንም «ራውተሩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት» አላቸው።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የደንበኛው መሣሪያ መጠለፉን ያወቀ አቅራቢ ዝም ማለት የለበትም።

ደንበኛው በራሱ ሊያውቅ አይችልም። የተጠለፈ ካሜራ እንደ ወትሮው ምስል ያሳያል። ሌሊቱን ሙሉ በቴልኔት፣ ማለትም መሣሪያን ከርቀት ማዘዣ በሆነው አሮጌ መንገድ፣ የሺህ ሰው በር ሲያንኳኳ የሚታየው እናንተ ጋ ነው። «ከዚህ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እየተጠቃን ነው» የሚለው አቤቱታም የሚመጣው ወደ እናንተ ኢሜይል ነው። ያንን የኢሜይል ሳጥን በየቀኑ የሚከፍት ሰው መድባችኋል?

ዝምታው ደንበኛውን ገንዘብ ያስከፍለዋል። በብር የገዛውን ፓኬጅ ማልዌሩ ይጨርሰዋል። ሞባይል ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ አይፒ ይጋራል። አንዱ ስልክ ሲጠለፍ አድራሻው ጥቁር መዝገብ (የተጠርጣሪ አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ይገባል፤ ምንም ያላደረገው ጎረቤቱ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እየተባለ ሲለፋ ይውላል።

ኢሜይል ልኮ መተው ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በሚራይ የተያዙ መሣሪያዎችን ተከታትሎ ነበር። አቅራቢው ኮኔክሽናቸውን ገድቦ የማስተካከያ መመሪያ ካሳያቸው ደንበኞች 92 በመቶው በ14 ቀን ውስጥ ጸዱ። ኢሜይል ብቻ የደረሳቸው ግን ምንም ካልተነገራቸው የተሻለ ውጤት አላሳዩም።

እዚህ ላይ ግን ስጋቴን አልደብቅም። መስመር የመገደብ ሥልጣን ያስፈራል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል እኛ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ስለዚህ ገደቡ በግልጽ ደንብ ይታሰር። የማንም መልእክት አይነበብ። ምክንያቱ ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ ይነገረው። ሲደውል ሰው ያንሳለት፣ ማሽን አይደለም። የባንክና የማስተካከያ ገጾች ክፍት ይቆዩ። መሣሪያው ሲጸዳ መስመሩ ያኔውኑ ይመለስ።

ራውተሩን የሰጠው አቅራቢው ከሆነ ደግሞ ማስተካከያ ያልወጣለትን አሮጌ ዕቃ በራሱ ወጪ ይቀይር። «አድሚን» በሚል ፓስወርድ ራውተር ለደንበኛ ማስረከብም ይቁም። እያንዳንዱ ራውተር የራሱ ፓስወርድ ተለጥፎበት ከመጋዘን ይውጣ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ግዢውን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ።

አመሰግናለሁ።