ሳናውቃቸው የሚጠግኑን

አካም ጅርቱ፣ እንደምን አላችሁ! ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ከሂርማታም ከጅሬንም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ካንሰር ነው። ካንሰር ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው «እንዴት ያዘው?» ብለን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችንን እስካሁን እንዴት ሳይዘን ቀረ?

እስቲ አስቡት። ካንሰር የሚጀምረው ለሴሎቻችን መመሪያ የተጻፈበት ዲኤንኤ ሲበላሽና ሴሉ ያለ ልክ ሲባዛ ነው። እያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የተጻፈው በአራት ፊደል ነው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ከእናትም ከአባትም የወረስነው ሲደመር 6 ቢሊዮን ጥንድ ፊደል አካባቢ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ በራሱ ጊዜ ይበላሻል። ፀሐይ ሳይነካን፣ ሲጋራ ሳናጨስ፣ አልጋችን ላይ ተኝተን እንኳ፣ በአንድ ሴል ውስጥ ብቻ በቀን 10,000 ገደማ ፊደሎች ከቦታቸው ተነቅለው ይወድቃሉ።

ስዊድናዊው ሳይንቲስት ቶማስ ሊንዳል ይሄን ሲያሰላ አንድ ነገር አልዋጥ አለው። ዲኤንኤ እንዲህ የሚፈርስ ከሆነ ሕይወት እንዴት ቀጠለ? የሚጠግነው ነገር መኖር አለበት አለና ፍለጋ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከጠጋኞቹ አንዱን አገኘው።

ይሄ ጠጋኝ ኢንዛይም ነው፤ ማለትም ሴል ውስጥ ኬሚካዊ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን። ቀረብ ብለን እንየው። ሲ የተባለው ፊደል አንዳንዴ ሳይነካ ይለወጥና ዩራሲል የሚባል ነገር ይሆናል። ዩራሲል ዲኤንኤ ውስጥ ቦታ የለውም። ዝም ከተባለ ሴሉ ሲባዛ እንደ ቲ ይነበባል፣ ስህተቱም ወደ አዲሱ ሴል ይተላለፋል። ኢንዛይሙ ግን በዲኤንኤው ላይ እየተንሸራተተ ይፈትሻል። ዩራሲሉን ሲያገኘው ከጠመዝማዛው ወደ ውጭ ይገለብጠውና ራሱ ላይ ባለች ጠባብ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ ኪሷ ለዩራሲል ልክ ሆና የተሠራች ስለሆነች ጤነኛው ፊደል አይገባባትም። ከዚያ ቆርጦ ይጥለዋል። ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ባዶው ቦታ ላይ ክሩን ይከፍታል፣ ሌላው ትክክለኛውን ፊደል ይሞላል፣ በመጨረሻ ላይጌዝ የሚባለው ይዘጋዋል። ቡና ስትለቅም የዋለች ሴት አይታችሁ የለ? ዓይኗ ሌላ ቦታ እያየ እንኳ ጣቷ ጥቁሩንና የተበሳውን ፍሬ ለይቶ ያወጣዋል። ሥራው እንደዚያ ነው፤ ያውም ሌት ተቀን፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ።

ፀሐይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ታደርሳለች። ጨረሯ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቲዎችን ያጣብቃቸዋል። ይሄ ሲሆን በሰው ሴል ውስጥ ያሉት ጠጋኞች ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ቆርጠው 30 ገደማ ፊደል ያለበትን ቁራጭ ያወጡና እንደ አዲስ ይጽፉታል። ይሄን አሠራር በዝርዝር ያሳየን አዚዝ ሳንጃር ነው። የሕክምና ተማሪዎች፣ ይሄን ሰው ልብ በሉልኝ። የተወለደው በቱርክ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ፊደል አልቆጠሩም። ወደ ምርምር ከመግባቱ በፊትም ገጠር ውስጥ ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊንዳልና ሴሉ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ የሚሠራቸው ስህተቶች እንዴት እንደሚታረሙ ካሳየው ከፖል ሞድሪች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ወስዷል።

ጠጋኞቹ ሲጎድሉስ? የፀሐይን ጉዳት የሚጠግኑት ሳይሠሩ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ የቆዳ ካንሰር ገና በልጅነታቸው ይይዛቸዋል። የግልበጣ ስህተት አራሚዎቹ ሲበላሹ የአንጀት ካንሰር በወጣትነት፣ ያውም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እየተደጋገመ ይመጣል። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ደግሞ ተጠማዝዘው ዲኤንኤን የሚሠሩት ሁለቱም ክሮች ሲበጠሱ ለሚደረገው ጥገና የግድ ያስፈልጋሉ። እነሱ ሲበላሹ የጡትና የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር አደጋው በጣም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው። እኛ የካንሰርን ስም አንጠራም። «ያ በሽታ» ነው የምንለው። እናት በ40 ዓመቷ በጡት ካንሰር ስታርፍ ለልጆቿ «ታማ ነው» ብቻ ይባላል፣ አክስትየዋም በዚያው ማለፏን ማንም አያነሳም። እርግማን አይደለም! የሰው ዓይንም አይደለም! አብዛኛው ካንሰር በዘር አይመጣም፤ በዘር የሚመጣው ግን ታሪኩ ከተነገረ ቀድሞ መከታተል ይቻላል። ለሐኪሙ «እናቴም እህቷም በወጣትነት በዚህ ሞተዋል» ማለት ትልቅ መረጃ ነው። በአባት በኩልም ይወረሳልና የአባትን ወገንም ጠይቁ።

ጠጋኞቹ ጤነኛ ሆነውም ሥራ ሊበዛባቸው ይችላል። በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመርት ይችላል። ይሄ መርዝ ጉበት ውስጥ ገብቶ ጂ የተባለውን ፊደል ይጣበቃል። በእሳትም በቀላሉ አይጠፋምና የሻገተውን ቀቅሎ መብላት መፍትሔ አይሆንም። የማገዶ ጭስ ውስጥም ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቁ ነገሮች አሉ፤ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ይኑረው የምንለው ለዚህ ጭምር ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ተንኮሉ ይለያል። ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለን፤ ዲኤንኤ ሲጎዳ «ጥገናው ሳያልቅ እንዳትባዛ» ብሎ ሴሉን ያስቆመዋል፣ ጉዳቱ ከበዛም ሴሉ እንዲሞት ያደርጋል። ቫይረሱ ይሄንኑ ፕሮቲን ያስፈርሰዋል። ከዚያ ሴሉ ጉዳቱን እንደተሸከመ ይባዛል። ክትባት አለው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። እባካችሁ ወላጆች፣ በአሉባልታ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

የጥገናው እውቀት ወደ መድኃኒትም ደርሷል። ብራካው የተበላሸበት የካንሰር ሴል ፓርፕ በሚባል ሌላ ጠጋኝ ላይ ተደግፎ ይኖራል። ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት ያንን ሲዘጋበት መውጫ አጥቶ ይሞታል፤ ጤነኛው ሴል ግን ብራካ ስላለው ይቋቋመዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈቅዷል።

የያዝኩት ይሄው ነው። አሁን ማይኩ ወደ እናንተ ይምጣ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።