«ብወድቅስ?» የሚለውን ሐሳብ መፈተን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ጭንቀት እንድናገር ተጋብዤ ነው የመጣሁት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የምሰማው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ብወድቅስ?» «ባፍርስ?» «ልጄ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

መፍራት በራሱ በሽታ አይደለም። መኪና እየበረረ ሲመጣባችሁ ልባችሁ ካልዘለለ ነው ችግሩ። ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀትም ያለ ነው። ሕመም የምንለው ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር አልመጣጠን ሲል፣ ለወራት አልለቅ ሲል፣ ሥራና ትምህርት ሲያስቀር፣ ከሰው ሲነጥል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም ነበረበት፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ሕክምና የሚያገኘው ግን ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ድንገት የሚነሳ የፍርሃት ጥቃት አለ፤ ፓኒክ አታክ ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሰው ፊት መቅረብን መፍራት አለ። ስለ ሁሉም ነገር ያለ ዕረፍት መብሰልሰል አለ። ከፍታን፣ ውሻን፣ መርፌን መፍራት አለ። መልካቸው ይለያያል። እኔ የምሠራበት ኮግኒቲቭ ቴራፒ፣ ማለትም የሚያስፈራውን ሐሳብ እየመረመረ በሙከራ የሚፈትነው የንግግር ሕክምና፣ ግን ለሁሉም ሁለት ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ሰው ምን ይመጣብኛል ብሎ ነው የሚፈራው? እንዳይመጣበትስ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛዋን ጥያቄ ያዙልኝ። ለእኔ የሕመሙ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ነው።

ይህ አካሄድ ከየት መጣ? አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ ነው። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የመጣለትን ሁሉ ይናገራል፤ ሐኪሙ ከሥር የተደበቀ ምኞትና ቁጣ ይፈልጋል። ቤክ ግን ሌላ ነገር ልብ አለ። ሰዎቹ አፋቸው አንድ ነገር እያወራ፣ በውስጣቸው ሌላ ወሬ ይሮጣል። አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል። «አሰለቸሁት።» «ደደብ ነች እያለ ነው።» ስሜታቸው የሚለዋወጠው ያንን ተከትሎ ሆኖ አገኘው። ሥራውን የጀመረው በድባቴ ሕመም ነበር፤ በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር በጭንቀት ሕመሞች ላይ መጽሐፍ አሳተመ። በ2021 ሲሞት 100 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ ነው ለማለት አልደፍርም። የጥንቱ ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የያዘው ግምት ነው ብሎ ነበር። እኛም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። ልጡ ማንንም አልነደፈም። ቴራፒው የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ይህን ጥበብ ወስዶ እያንዳንዱ ሕመም ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ መመርመሩ፣ ከዚያም በሙከራ መፈተኑ ነው።

አሁን ወደ ፓኒክ ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ አሠራሩ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚህ ስለሆነ።

በ1986 ዴቪድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲህ የሚል ማብራሪያ አቀረበ። አንድ ሰው ደረጃ ወጥቷል እንበል። ወይም ቡና አብዝቷል፣ ወይም ተናዷል። ልቡ ፈጠን አለች። ሌላው ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። እሱ ግን «ልቤ ልትቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ልቤ ልትቆም ነው ያለ ሰው ደግሞ ይደነግጣል። ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ሰውነትን ለአደጋ የሚያነሣሣ ሆርሞን ይለቀቃል፤ ልብ ይብስ ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል። ከልክ በላይ ሲተነፍሱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ያኔ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ደረት ይጨንቃል። «ይኸው! አላልኩም?» ይላል ሰውየው፤ እንደገና ይደነግጣል። እንዲህ እየተዟዟረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካል።

የክላርክ ቡድን አንድ የሚገርም ሙከራ ሠርቷል። ፓኒክ ያለባቸው ሰዎች ጥንድ ጥንድ ቃላት ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡ ተደረገ። ከቃላቱ መካከል የልብ ምትና ሞት፣ የትንፋሽ ማጠርና መታፈን የመሳሰሉ ጥንዶች ነበሩ። አብዛኞቹ እዚያው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጥቃቱ ተነሣባቸው። ያነበቡት እንግዲህ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ሁለት መቶ ጊዜ «አሁን ልሞት ነው» ያለ ሰው፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሳይሞት ቀርቷል። ታዲያ ለምን አይማርም? ሞኝ ሆኖ ነው? በጭራሽ። ታካሚዎቼ ውስጥ በጣም ብልህ ሰዎች አሉ። ፖል ሳልኮቭስኪስ የተባለው ተመራማሪ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሰውየው የተረፈው ስለተጠነቀቀ ይመስለዋል። ተቀመጠ። ግድግዳ ያዘ። ውሃ ጠጣ። ከአዳራሽ ወጣ። እህቱ ጋ ደወለ። ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» አይልም፤ «ለጥቂት ተረፍኩ» ነው የሚለው። አደጋ እንደሌለ ሊያስተምረው የሚችለው ቀን ሁሉ ከሞት ያመለጠበት ቀን ሆኖ ይመዘገባል። መጠንቀቂያው ፍርሃቱን እየመገበ ያኖረዋል።

ሕክምናው ታዲያ ምን ይመስላል? አንዲት ሴት ላሳያችሁ። ከብዙ ሰው ታሪክ አቀላቅዬ የሠራኋት ናት፤ ታካሚዎቼን መድረክ ላይ አላወጣም።

ይህች ሴት ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ራሷን ስቼ እወድቃለሁ ብላ ትፈራለች። የልብ ሐኪም አይቷታል፤ ደሟ ተመርምሯል፤ ጤነኛ ናት። ይህ መቅደም አለበት፤ የታይሮይድ ችግርም ሆነ የልብ ምት መዛባት ጭንቀት ሊመስል ይችላል። ባለሙያው አይመክራትም። ይጠይቃታል።

«እንደሚወድቁ ከ100 ስንት ያህል እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰማንያ።»

«እስካሁን ስንት ጊዜ ወድቀው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን። ግን እኮ ጋሪውን ጥብቅ አድርጌ ስለምይዝ ነው።»

አያችሁ? ከጋሪው ሌላ ጉልበቷን ታጠነክራለች። በር አጠገብ ያለውን ወረፋ ትመርጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስኳር አለ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፉታል። ከዚያ ስለ አካሏ ያወራሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚስተው የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። በነገራችን ላይ ደምና መርፌ የሚፈሩ ሰዎች ከዚህ ይለያሉ፤ የእነሱ ግፊት መጀመሪያ ወጥቶ ድንገት ስለሚወርድ እውነትም ይወድቃሉ። ለእነሱ የሚሰጠው ትምህርት ጡንቻን ማወጠር ነው። እሷ ግን ከእነሱ አይደለችም።

ማብራሪያው ሰማንያውን ወደ ስድሳ ያወርደው ይሆናል። የቀረውን የሚያወርደው ሙከራ ነው። ሁለቱም ቆመው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም ይህን አናደርግም፤ ቤታችሁ ሄዳችሁም አትሞክሩት። ራሷን ያዞራታል። ከንፈሯ ይደነዝዛል። እጇ ወንበሩን ለመያዝ ይዘረጋል። «ይተዉት፤ አይያዙት» ይላታል። ትተወዋለች። «አሁን በአንድ እግር ይቁሙ። እስቲ ለመውደቅ ይሞክሩ።» ትሞክራለች። እምቢ ይላታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል።

ቀጥሎ ሱፐርማርኬት ነው። ያለ ጋሪ፣ መሐል ወረፋ ላይ፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ መቆም። ከመሄዷ በፊት የምትጠብቀውን በቁጥር ትጽፋለች፤ ስትመለስ የሆነውን ከጎኑ ትጽፋለች። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ መውደቁ ላይ ሳይሆን ሰው የሚስቅበት መሆኑ ላይ ነው። ያኔ ባለሙያው ራሱ ይወድቃል፤ ታካሚው ራቅ ብሎ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያያል። እኔም በሙሉ ሱፍ የሱፐርማርኬት ወለል ላይ ተዘርግቼ አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች «ደህና ነህ?» አሉኝ፤ ሦስተኛው በላዬ ተራምዶ ሄደ።

ብዙ ሰው ኮግኒቲቭ ቴራፒን «በጎ በጎውን አስብ» የሚል ትምህርት አድርጎ ይወስደዋል። እንዲህ ሲባል ትንሽ ያናድደኛል። ማንንም በጎ አስብ አንልም። የሚፈራው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል ብለን እንነሳለን፤ አብረን ሄደን እናያለን። ለቤተሰብም አንድ ነገር ልበል። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ማለት ፍቅር ነው። በቀን አሥር ጊዜ ሲባል ግን ልክ እንደ ጋሪው እጀታ ይሆናል። እሷም ያለዚያ ቃል መቆም ያቅታታል።

ሰው ፊት መቅረብን ስለመፍራት በ1995 ያው ክላርክ ከአድሪያን ዌልስ ጋር ሌላ ማብራሪያ አወጣ። ይህ ፍርሃት ያለበት ሰው ስብሰባ ላይ ሲገባ ዓይኑን ከሰዎቹ ነቅሎ ወደ ራሱ ያዞራል። ፊቴ ቀልቷል? ድምፄ ይንቀጠቀጣል? ውስጡ ከሚሰማው ሙቀት ተነሥቶ በውጭ የሚታየውን መልኩን ይሥላል። ሥዕሉ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይከፋል። ደግሞ ይጠነቀቃል። የሚናገረውን በልቡ ቀድሞ ይደረድራል፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። ሰዎቹ ታዲያ ምን ያያሉ? ኩሩ ሰው! የሚጠላኝ ሰው! ይርቁታል። «አላልኩም?» ይላል እሱ።

እዚህ የምወደው ሙከራ አለ። ታካሚው ከማያውቀው ሰው ጋር ሁለት ጊዜ ያወራል። አንዴ መጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ተጠቅሞ፣ አንዴ ሁሉንም ትቶ ዓይኑን ሰውየው ላይ አድርጎ። ሁለቱም ይቀረጻሉ። ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት ምን እንደሚታይ ይገምታል፤ «ቲማቲም መስዬ፣ እጄ ሲርገፈገፍ» ይላል። ከዚያ ያያል። አንድ ታካሚ «ይኼ ሰውዬ እኮ ደህና ሰው ነው» ቢላችሁ፣ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

በሚብሰለሰሉ ሰዎች ላይ አጭር ልሁን። ብዙዎቹ መጨነቃቸው ራሱ ከክፉ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። «ካሰብኩበት አይደርስም።» ቆይቶ ደግሞ «እንዲህ ስጨነቅ ላብድ ነው» ብለው ስለ ጭንቀታቸው ይጨነቃሉ። ሐሳቡን ገፍቶ ማስወጣት አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ጠይቆ ነበር፤ ድቡ መምጣቱን አልተወም። ስለዚህ ሐሳቡን አታስወጣ እንላለን፤ ቀጠሮ ስጠው፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ በለው። ሰዓቱ ሲደርስ አብዛኛው ጉዳይ ጉልበቱ ወልቆ ይገኛል።

ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። እንግሊዝ በ2008 ይህን መሰል ሕክምና ለጭንቀትና ለድባቴ በሰፊው በነፃ መስጠት ጀመረች። ሕክምናውን ከሚጨርሱት ግማሽ ያህሉ ከሕመም ደረጃ ይወጣሉ። ሌላው ግማሽ ውስጥ የተሻለውም አለ፣ ያልተሻለውም አለ። መድኃኒትም ይረዳል፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ የሚያስፈልገው ሰው አለ። የጀመራችሁትን መድኃኒት እኔን ሰምታችሁ እንዳታቆሙ።

በሙያው ውስጥም ክርክር አለ። ሐሳብን በውይይት መመርመር ያስፈልጋል ወይስ የሚፈሩትን መጋፈጥ ብቻውን ይበቃል? እኔ ውይይቱን አልጥልም፤ ምን እንደምንፈትን የምናውቀው በእሱ ነው። ወንበር ላይ ብቻ የሚቀር ቴራፒ ግን አያሳምነኝም።

ስለዚህ ወደ ባለሙያ የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። ስንት ጊዜ እንገናኛለን? ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይሆናል። ከክፍሉ ውጭ ምን እንሠራለን? ፍርሃቱ ከዓመት በኋላ ቢመለስ ምን ላድርግ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የትኞቹ መጠንቀቂያዎች ቀድመው ተመልሰው እንደሚመጡ፣ የትኛውን ሙከራ መድገም እንዳለባችሁ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ባለሙያ ከገጠማችሁ ሌላ መፈለግ መብታችሁ ነው።

እኔ ጨርሻለሁ። ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ መናገር የሚከብደው ሰው ካለ ጥያቄውን በወረቀት ቢልክልኝም እቀበላለሁ፤ ለዛሬ ብቻ።