ዛፍ ቁስሉን አያድንም፣ ያጥረዋል፦ የተጓዥ ዛፍ ሐኪም ሥራ ከቅርብ ሲታይ

[ምስል፦ የፕላስቲክ መዶሻ ግንድ ላይ ሲያርፍ። ሌላ ድምፅ የለም።]

ይህን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙት። አጭርና ደረቅ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ ብለን እንምታው። ሰማችሁ? ድምፁ ወፈረ፤ ከበሮ ከበሮ አለ። እዚህ ጋ ከቅርፊቱ ጀርባ ያለው እንጨት በስብሷል፣ ወይም ጭራሽ ባዶ ሆኗል። ከውጭ ቅርፊቱ ያው ነው፣ ቅጠሉም እንደለመለመ ነው።

ተጓዥ የዛፍ ሐኪም ቀኑን የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ የሞተር መጋዙ ገና ከመኪናው አልወረደም። ከቦታ ቦታ እየዞረ የሚሠራ ሰው ዛፉን ከዚያ ቀን በፊት አይቶት አያውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ላያየው ይችላል። የግቢው አትክልተኛ ዛሬ ቢሳሳት ከርሞ አይቶ ያርማል። ለተጓዡ ግን ያለችው አንድ ቀን ናት። ዛፉ ደግሞ ለተቆረጠበት ነገር መልስ የሚሰጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ መሣሪያም ሆነ ዘዴ መነሻው ይኸው ነው፦ ቆራጩ ቆሞ የማያየው መልስ።

ስለዚህ መጀመሪያ ዛፉን ይዞረዋል። ከሥሩ ይጀምራል። መሬቱ ተሰንጥቋል? በአንድ ወገን አፈሩ ተነሥቷል? ግንዱ ግርጌ ላይ መደርደሪያ የመሰለ ጠንካራ እንጉዳይ በቅሏል? እንጉዳዩ ከታየ ፈንገሱ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ሲበላ ቆይቷል ማለት ነው፤ እኛ የምናየው ፍሬውን ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ላይ ይልካል። ሁለት እኩል ግንዶች እንደ ጠባብ ባላ ተለያይተው በመካከላቸው ቅርፊት ከተሰነቀረ፣ እንጨታቸው እርስ በርሱ አልተያያዘም፤ ነፋስ ሲበረታ የሚሰነጠቁት እዚያው ላይ ነው። የደረቁ ቅርንጫፎችን፣ የወፍ ጎጆን፣ የንብ መንጋን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦን ሁሉ ገና ከመሬት ሳይነሣ ለይቶ ያውቃል። ሽቦው ለብቻው መነገር አለበት። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መስመር እስኪነኩት አይጠብቅም፤ የተጠጋውን ሰው በአየር ዘልሎ ሊመታ ይችላል፣ እርጥብ ቅርንጫፍም ያስተላልፋል። መስመሩ ካልተቋረጠ ሥራው አይጀመርም፤ ባለቤቱ ቢቸኩልም ባይቸኩልም።

አሁን ወደ ዛፉ ውስጥ እንግባ። የእኛ ቆዳ ሲቆረጥ ሰውነታችን የተጎዳውን በአዲስ ሕዋስ ይተካል። ዛፍ ይህን አያደርግም። የቆሰለ እንጨት ዕድሜውን ሙሉ እንደቆሰለ ይኖራል። ዛፉ የሚችለው ቁስሉን ዙሪያውን ማጠር ነው። ይህን አጥርቶ ያሳየው በአሜሪካ የደን አገልግሎት ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሥራም ዛፍ ራሱን በአራት ግድግዳዎች እንደሚከላከል አስረዳ። የመጀመሪያው ግድግዳ መበስበሱ ሽቅብና ቁልቁል እንዳይሄድ ይገታል፤ ሁለተኛው ወደ መሀል እንዳይዘልቅ፣ ሦስተኛው ወደ ጎን እንዳይዞር። ከሁሉም የሚደክመው የመጀመሪያው ነው፤ በግንድ ውስጥ መበስበስ እንደ ረጅም ምሰሶ ተዘርግቶ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። አራተኛው ከሁሉም ይበረታል፤ ዛፉ በቆሰለበት ጊዜ በነበረው እንጨትና ከዚያ ወዲህ ባበቀለው መካከል የሚገነባው ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሽማግሌ ዛፍ ለምልሞ ሲቆም አይታችሁ ከሆነ፣ ያቆመው ከዚህ ግድግዳ በኋላ የበቀለው እንጨት ነው።

[ምስል፦ ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣበት ቦታ፣ በጣም በቅርበት።]

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ ኮሌታ ያበጠ ክብ ነገር አለ። ከላይ በኩል ደግሞ ቅርፊቱ ተሸብሽቦ ጠቆር ያለ መስመር ሠርቷል። ቅርንጫፍ ይምሰል እንጂ ኮሌታው የግንዱ አካል ነው፤ አጥሩ የሚታጠረውም እሱ ጋ ነው። ከግንዱ ጋር ልሙጥ እንዲሆን ብሎ የቆረጠ ሰው ኮሌታውን አብሮ ያነሣል፤ ለፈንገሱ ሰፊ በር ከፈተለት ማለት ነው። ረጅም ጉቶ ትቶ የሄደ ሰውም አልተሻለም፤ ጉቶው ይደርቃል፣ ይበሰብሳል፣ አዲሱ እንጨት ሊከድነው አይችልም። ትክክለኛው ቦታ ከኮሌታው ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በጣት የምትለካ ልዩነት ናት፤ የዛፉን ቀጣይ ዓመታት የምትወስነው ግን እሷ ናት። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የቆረጠውን ዛፍ ስታዩ ቁስሉን ተመልከቱ። ዙሪያውን ሙሉ ቀለበት ሠርቶ አዲስ እንጨት ከከበበው፣ ቆራጩ ያውቅ ነበር። አዲሱ እንጨት በግራና በቀኝ ብቻ ወፍሮ ከላይና ከታች ከቀረ፣ ኮሌታው ተነክቷል።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይጣልም። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ መጨረሻው ላይ በራሱ ክብደት ይገነጠልና የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ይልጠዋል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከኮሌታው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር በኩል ሩብ ያህሉ ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ተብሎ ከላይ እስኪወድቅ ድረስ። ቢገነጠልም መላጡ ከሥር የተቆረጠው ጋ ሲደርስ ይቆማል። በመጨረሻ የቀረው ቀላል ጉቶ ከኮሌታው ውጭ ይነሣል፤ ይህን እኔ ሁልጊዜ በእጅ መጋዝ ነው የምሠራው፤ እጅ ቸኩሎ አያልፍም። ቁስሉ ላይ ቀለም ወይም ሬንጅ አይቀባም። መቀባት መበስበስን እንደማያስቆም ሺጎ ራሱ አሳይቷል።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀውና ልቤን የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። «ዛፉ እንዳይወድቅብኝ አናቱን ጨርሰህ ቁረጥልኝ» የሚል ሰው አለ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ይጎዳዋል። መሀል ላይ የተቆረጠ ወፍራም ግንድ ኮሌታ ስለሌለው ከጫፉ ወደ ታች ይበሰብሳል። ዙሪያውን ከቅርፊቱ ሥር ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች በብዛት ይፈነዳሉ፤ ሥር መሠረታቸው ግን ላይ ላዩን ነው። ዓመታት አልፈው ሲከብዱ፣ የቆሙበት እንጨት ደግሞ ሲበሰብስ፣ ይገነጠላሉ። ሰውየው የሸሸው አደጋ በብዛት ይመለስበታል። ስለዚህ ተጓዡ እንቢ ማለትን መልመድ አለበት፤ የደረቀውን ማንሣት፣ የረዘሙትን ቅርንጫፎች ወደሚሸከማቸው ጎን ቅርንጫፍ ድረስ ማሳጠር ይችላል፤ ባለቤቱን ማሳመን ግን ከመቁረጡ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል።

ወደ ላይ እንዴት ይወጣል? በቀጭን ክር ጫፍ ላይ የታሰረች ከባድ ትንሽ ከረጢት ወርውሮ ከጠንካራ ባላ በላይ ያሳልፋል፤ በክሩ ወፍራሙን የመውጫ ገመድ ይስባል። ወገቡና ጭኑ ላይ ሀርነስ የሚባለውን የመንጠልጠያ ቀበቶ ይታጠቃል። ከገመዱ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቋጠሮ ነው፤ የቋጠሮው ወገን ፕሩሲክ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስተዋወቀው ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በካርል ፕሩሲክ ስም። ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን ነክሶ ይይዛል፤ በእጅ ሲገፋ ይንሸራተታል። ሰው ሕይወቱን የሚያንጠለጥለው በዚህች ቋጠሮ ላይ ስለሆነ፣ መሬት ላይ እያለ ክብደቱን ጥሎባት ይሞክራታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ላይ ደርሶ መጋዙን ከማስነሣቱ በፊት በሁለተኛ ማሰሪያ ራሱን ያስራል፤ መጋዙ አንዱን ገመድ ቢነካ ሌላው እንዲይዘው። እግር ላይ የሚታሰረው የብረት ሹል ለመውጣት ይመቻል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ቁስል ስለሆነ የሚፈቀደው ሊወገድ በተወሰነበት ዛፍ ላይ ብቻ ነው።

ብቻውን ግን አይወጣም። መሬት ላይ ያለው ባልደረባ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል ሰው መሆን አለበት፤ ገመዱን የሚይዘውም እሱ ነው። እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ 0.2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የብዙ ዛፎች እርጥብ እንጨት በሜትር ኩብ ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ይህች አጭር ቁራጭ ከ160 እስከ 200 ኪሎ ትሆናለች። ትንሽ ወድቃ ገመዱ በድንገት ቢይዛት ደግሞ የሚያርፍበት ኃይል ከክብደቷ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ላይ ያለውን ሰው ከነዛፉ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ገመዱ በመዘውር አልፎ ግንዱ ግርጌ በታሰረ ብረት ላይ ይጠመጠማል፤ ባልደረባውም በሰበቃው እየገታ፣ እያስሮጠ፣ ቀስ ብሎ ያቆመዋል። ጥሩ ገመድ ያዥ ሲሠራ ላይ ያለው ሰው መንቀጥቀጡ እምብዛም አይሰማውም።

የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ምላጭ ይባላል፤ የምላጩ አፍንጫ የላይኛው ክፍል አንድ ነገር ከነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረወራል፤ የሰንሰለት ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው። የሚለብሰው የመከላከያ ሱሪ ጨርቅ ውስጥ ረጃጅም ክሮች አሉ፤ ሰንሰለቱ ሲነካቸው ተመዘው ይጠመጠሙበትና ያቆሙታል። ሄልሜት፣ የዓይን መከለያና የጆሮ መከላከያ ያለ ክርክር ይደረጋሉ።

[ምስል፦ የተጣለ ቅርንጫፍ ወደ መፍጫ ማሽን ሲገባ።]

ቅርንጫፉ ተፈጭቶ መልሶ ለዛፉ ይጠቅማል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ መልክ ሥሩ ላይ ይነጠፋል፤ ግንዱን ግን አይነካም፣ እርጥበት ቅርፊቱን ያበሰብሰዋልና።

አሁን ጉዞ ሊጀመር ነው፤ ተጓዥ የሆነ ሰው ከማንም በላይ መጠንቀቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። የፕላታነስ ዛፍን የሚገድል ሴራቶሲስቲስ የሚባል ፈንገስ በመጋዝና በሰጋቱራ ይተላለፋል። ፖምና ፒርን የሚያቃጥለው ባክቴሪያም በመቁረጫ ስለት ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት፣ እዚያው ዛፉ ሥር፣ ሰንሰለቱ ይፈታል፤ በምላጩ ቦይ ውስጥ የተጠቀጠቀው ሰጋቱራ በብሩሽ ይወጣል፤ ስለቱ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፤ የጫማው ጭቃ ይፋቃል። ገመዱ በእጅ መዳፍ ውስጥ እየታለፈ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳሰሳል። የተበጠሰ ክር ከተገኘበት ለሚቀጥለው ዛፍ አይጫንም።